ምዕራፍ ሰባት፦ ሻጩ ብቻ የሚያውቃት መኪና

አንዲት ወጣት እናስብ። በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ በደንበኞች አገልግሎት ትሠራለች፤ ደመወዟ ከወር ወር የሚያደርስ እንጂ የሚተርፍ አይደለም። ለዓመታት ያጠራቀመችው፣ ከእቁብ የደረሳትና ከወንድሟ የምትበደረው ሲደመር አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ይገዛል። ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ የምታጠፋው ጊዜ አንገፍግፏታል። መኪናዋንም አይታለች፤ ቀለሟ ያምራል፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ትንሽ ቀነስ ይላል። ወላጆቿ ግን አልተዋጠላቸውም። አባቷ «ትንሽ ቆዪ እንጂ ልጄ፣ መኪና ገብቶ የማይጠግብ አፍ ነው» ይላሉ። እናቷ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ለመሆኑ ያቺን መኪና ማን ያውቃታል?»

ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የትልቅ ሰው ፍርሃት አድርገው ያልፉታል። በእኔ አመለካከት ግን እኚህ እናት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ዘግይተው የደረሱበትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ይህ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ በእሳቸው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በምዕራፍ ሁለት ዋጋ መልእክተኛ ነው ብለን ነበር። ጤፍ ሲወደድ ዜናው ገበሬው ዘንድ ይደርሳል፤ ሲረክስም እንዲሁ። ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ብዙ ሰው በአንድ ቁጥር ይግባባል። አሁን የምናየው ያ መልእክተኛ የሚሳሳትበትን ገበያ ነው።

ቅቤ እና መኪና

ለበዓል ቅቤ የሚገዙ እናት ሻጩ ፊት ሲቆሙ ዓይናቸውን ብቻ አያምኑም። ሻጩ «የሸኖ ነው፣ ለጋ ነው» ይላል። ሙዝ ወይም የአትክልት ቅባት ተደባልቆበት እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ እሳቸው አያውቁም። ስለዚህ ቆንጠር አድርገው ያሸታሉ፣ በጣታቸው ያሹታል፣ ምላሳቸው ላይ ያደርጉታል። እንዲያም ሆኖ ሙሉው እውነት የሚገለጠው ቤት ወስደው ሲያነጥሩት ነው። ይህን ስለሚያውቁ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚሄዱት ወደ አንድ ደንበኛቸው ነው። ያ ሰው ዛሬ ቢያታልላቸው የሚቀጥለውን ፋሲካ ያጣቸዋል፤ ጎረቤቶቻቸውንም ያጣል። ታማኝነቱን የሚጠብቀው ነገ ተመልሰው መምጣታቸው ነው።

የኢኮኖሚክስ ሰዎች ይህን ሁኔታ የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። አንዱ ተገበያይ ስለ ዕቃው የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም ማለት ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለበትም።

መኪና ላይ ሲደርስ ነገሩ በሁለት መንገድ ይብሳል። ቅቤ ቆንጥሮ መቅመስ ይቻላል፤ ካምቢዮ ግን ቆንጥሮ የሚቀምስ የለም። ሞተሩ ወርዶ ያውቃል? ቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ የትኛውን ግጭት ነው የሸፈነው? ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ የሚታየው ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆን? ገዢዋ መልሱን የምታገኘው ከከፈለች ከወራት በኋላ፣ መንገድ ላይ ቆማ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ ቅቤ ሻጩ በየዓመቱ ይሸጣል፣ መኪናዋን የሚሸጣት ሰው ግን አንዴ ሸጦ ሄደ። ነገ የሚያጣው ደንበኛ የለውም። ቅቤ ነጋዴውን ታማኝ ያደረገው ልጓም እዚህ የለም።

መልካሞቹ ለምን ከገበያ ይቀራሉ?

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። ጽሑፉን መጀመሪያ የላከላቸው መጽሔቶች አልተቀበሉትም ነበር፤ ጉዳዩ ተራ መስሎ የታያቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። ሐሳቡን ያለ ቀመር መከተል ይቻላል። ቁጥሮቹን ለሒሳቡ እንዲመቹ ብዬ የመረጥኳቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

በአንድ ገበያ በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ መኪኖች አሉ እንበል። ግማሾቹ ደኅና ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ብር ያወጣሉ። ግማሾቹ ውስጣቸው የታመመ ነው፤ 600 ሺህ ብር ቢሸጡ ተገቢ ዋጋቸው ነው። ሻጩ የትኛው የሱ እንደሆነ ያውቃል። ገዢዋ አታውቅም። ዕድሏ እኩል በእኩል ስለሆነ መሐሉን ይዛ 800 ሺህ ብር ትሰጣለች። ፍትሐዊ ይመስላል።

ነገር ግን ይህን ዋጋ የደኅናይቱ መኪና ባለቤት ሲሰማ ምን ያደርጋል? 1 ሚሊዮን የምታወጣ መኪናውን በ800 ሺህ አይሰጥም፤ ለእህቱ ይተውላታል ወይም ራሱ ይነዳታል። የታመመችይቱ ባለቤት ግን 200 ሺህ ብር ትርፍ መጣለት፤ ፈጥኖ ይሸጣል። ገበያው ውስጥ የቀሩት የታመሙት ብቻ ሆኑ። ገዢዎች ይህን ሲነቁ ዋጋውን ወደ 600 ሺህ ያወርዱታል። በመጨረሻ ደኅና መኪና ሊሸጥ የሚፈልግና ደኅና መኪና ሊገዛ የሚፈልግ ሁለት ቅን ሰዎች በአንድ ከተማ እየኖሩ መገናኘት ያቅታቸዋል። አከርሎፍ ያሳየው ይህን ነው። ውሸት የሚጎዳው የተታለለውን ብቻ ሳይሆን ያልዋሸውንም ሻጭ ነው።

የእኛ ወጣት ያየቻት መኪና ከሌሎቹ ቀነስ ማለቷም አሁን ሌላ መልክ ይይዛል። መርከሷ ዕድል ሊሆን ይችላል። ሻጩ የሚያውቀውን ነገር እየነገራት ሊሆንም ይችላል። ከዋጋው ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ገበያው ያበጃቸው መድኃኒቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ደኅና መኪኖች ይሸጣሉ። ሰው ባለማወቅ ሲቸገር ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መላ ይፈልጋል።

ደላላ አንዱ መላ ነው። ብዙ ሰው ደላላን በኮሚሽኑ ብቻ ያየዋል። በአንድ ሰፈር ለረጅም ጊዜ የሠራ ደላላ ግን እንደ ቅቤ ሻጩ ነገ የሚያጣው ነገር አለው፤ ስሙ። ችግሩ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ መሆኑ ነው። መኪናዋ ታማ ከሆነች ለገዢዋ ከነገራት ገቢውን ያጣል። ስለዚህ ደላላ መኪና ለማግኘት ይጠቅማል፣ መኪና ለመመርመር ግን እሱን መታመን አይገባም።

ማስታወቂያዎቹንም ልብ በሉ። «በጥንቃቄ የተያዘች»፣ «አንድ እጅ የነዳት»፣ «በሐኪም የተያዘች»። ሻጩ ሊነግረን የሚሞክረው የማናየውን ነገር ነው። ስፔንስ ከላይ የጠቀስኩትን ሽልማት የተጋራበት ሐሳብ እዚህ ይረዳናል፦ አንድ ምልክት እውነተኛ የሚሆነው ለዋሾው ውድ ሲሆን ነው። «በጥንቃቄ የተያዘች» ብሎ መጻፍ ለማንም ምንም አያስወጣም፤ ስለዚህ ምንም አይነግረንም። ሻጩ የዘይት ቅያሪና የጥገና ደረሰኞችን በየወቅቱ አከማችቶ ካቀረበ ግን ይህን ለማስመሰል ብዙ ልፋት ይጠይቃል። ያ ይነግረናል።

አዲስ አበባን የቶዮታ ከተማ ያደረጋትም በከፊል ይኸው የመረጃ ጉዳይ ይመስለኛል። ዲኤክስም ሆነች ቪትስ ስትበላሽ የሰፈሩ መካኒክ ድምጿን ሰምቶ ያውቃታል፤ መለዋወጫዋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ዋጋውን የማያውቅ የለም። አባቶች «ቶዮታ ግዢ» ሲሉ የሚመክሩት ስለ ብራንዱ ክብር አይደለም። ብዙ ሰው የሚያውቃትን መኪና ግዢ ማለታቸው ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከፍለው የተማሩትን ትምህርት በነጻ ትወርሺያለሽ ማለታቸው ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ የመጀመሪያ መኪና ለሚገዛ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። በተመሳሳይ ብር የተሻለ የውስጥ ምቾት ያላት፣ ግን ከተማው ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ የሚነዳት የአውሮፓ መኪና ብትገኝም ምክሩ አይለወጥም።

ውድ ሁሉ ደኅና አይደለም

አገራችን ላይ የዋጋውን መልእክት የሚያደናግር ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የሦስቱ ድምር ውጤት ለገዢ ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና አዲስ ተተኪ አጥቶ እያረጀ ዋጋውን ይዞ ይቆያል። መኪና ለብዙ ቤተሰብ ብር የሚቀመጥበት ዕቃም ሆኗል፤ ሳይበላሽ ቢቆይ ነገ በብር ቁጥር የበለጠ ሊሸጥ ይችላል። ከዚህ የተነሳ ዛሬ የአንዲት አሮጌ ቪትስ ዋጋ ሰማይ መድረሱ ስለ ታክሱ፣ ስለ ክልከላውና ስለ ምንዛሪው ይናገራል እንጂ ስለዚያች መኪና ሞተር የሚለው ነገር የለም። «ይህን ያህል ከተጠየቀባት ደኅና ብትሆን ነው» የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም። ይልቁንም መኪኖቹ ባረጁ ቁጥር ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢዋ የማታውቀው ታሪክ እየረዘመ ይሄዳል።

የአባት ጥርጣሬ በቁጥር

አሁን ወደ አባትየው እንመለስ። «ቆዪ» ያሉት ልጃቸውን ንቀው ነው? ሒሳቡን እንሥራላቸው።

ከ4 መኪኖች አንዷ ከተገዛች በኋላ 200 ሺህ ብር የሚያስወጣ የተደበቀ ችግር አላት ብለን እናስብ። አማካይ ኪሳራው 50 ሺህ ብር ነው። ለአንድ ድርጅት 20 መኪና የሚገዛ ሰው ወደዚህ አማካይ ይጠጋል ማለት ይቻላል፤ አምስት ገደማ የሚሆኑት ይታመማሉ፣ ኪሳራውን በሃያ አካፍሎ በዋጋው ውስጥ ያስገባዋል። ለእሱ የተደበቀ ችግር አንድ ተጨማሪ ወጪ ነው።

የእኛ ወጣት ግን የምትገዛው አንዲት መኪና ነው። አማካይ የሚባለውን 50 ሺህ ብር በፍጹም አትከፍልም። ወይ ምንም አትከፍልም፣ ወይ 200 ሺህ ትከፍላለች። በወር 20 ሺህ ብር የምታገኝ ከሆነ፣ ያ የአሥር ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የወንድሟ ብድር ሳይነሳ። መኪናዋ ጋራዥ ትቆማለች፣ ጥገናው አይከፈልም፣ ታክሲ ሰልፉ ይመለሳል፣ ብድሩም አለ። 200 ሺህ ብር በወር ለሚያገኝ ሰው ያው ብልሽት የአንድ ወር መጨነቅ ነበር።

ስለዚህ የአባትየው ጥርጣሬ ስሌት አለው። የሚጠራጠሩት የልጃቸውን ብልህነት አይደለም፤ በአንድ ዕጣ ላይ ሁሉንም ማስቀመጧን ነው። ይህን የተረዳች ልጅ ከአባቷ ጋር ክርክሩን ትታ ሒሳቡን መሥራት ትችላለች። ጥያቄው «ልግዛ ወይስ አልግዛ» መሆኑ ይቀርና «ከአራት አንድ የሆነውን ዕድል እንዴት ከሃያ አንድ ላድርገው? ቢደርስብኝስ የማስቀምጠው ብር አለ?» ይሆናል። እኔ ብጠየቅ የምመልሰው፣ ያላትን ሁሉ ለመኪናዋ ዋጋ ከማዋል ይልቅ ዝቅ ያለች መኪና ገዝታ ልዩነቱን ለጥገና ብታስቀምጥ ይሻላል ነው። ወላጆችም ይህን መጠባበቂያ ሲያዩ ልባቸው ይመለሳል።

ዘይት የማትጠጣው መኪናስ?

ለአዲስ መኪና ገዢ መንግሥት የከፈተው መንገድ ወደ ኤሌክትሪክ ያመራል። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡም ወደ 15 በመቶ ወረደ። ነዳጅ አይፈልጉም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርላቸውም፣ የሚያልቅ ካንዴላ የላቸውም። ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የዕለት ወጪያቸው ደስ ያሰኛል።

የመረጃ ጉዳይ ግን እዚህ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የነዳጅ መኪና ስትታመም ታጨሳለች፣ ትንኳኳለች። የኤሌክትሪክ መኪና ልብ ባትሪዋ ነው፤ ባትሪ ደግሞ በዝምታ ነው የሚዳከመው። በአንድ ሙሌት የምትሄደው ርቀት ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ ሻጩ ያውቀዋል፣ ገዢዋ ዙሪያውን ብትዞር አታየውም። የሰፈሩ መካኒክም በጆሮው አይሰማውም፤ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ መመርመሪያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ባትሪው መቀየር ካለበት ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ ሊበላ ይችላል። «ማን ይጠግናታል?» የሚሉ ወላጆች ለአዲስ ነገር ጀርባቸውን የሰጡ አይምሰለን። ስለዚች መኪና የሚያውቀው ሰው ገና ጥቂት ነው እያሉ ነው፤ ልክ ናቸው። አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ባትሪ ምርመራ የሚገዛ ሰው ቅቤውን ከነቅሉ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ እየገዛ ነው።

ማወቅን መግዛት

መረጃ ዕቃ ነው፣ ይገዛል። በላይኛው ሒሳባችን አማካይ ኪሳራው 50 ሺህ ብር ነበር፤ ለአንድ ጥሩ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ጥቂት ሺህ ብር ከፍሎ አብዛኛውን መቀነስ ከተቻለ፣ ከጠቅላላው ግዢ ውስጥ ትርፉ እጅግ የሚበዛው ክፍያ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚቆጥበው ግን እዚሁ ላይ ነው። መካኒኩ የገዢዋ መሆን አለበት፤ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው መካኒክ ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም።

መኪናዋን ማለዳ፣ ሞተሯ ቀዝቅዞ እያለ መጀመር ነው። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቃችሁ» ካለ አይሁን ማለት ይገባል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚታየው ነገር ሲሞቅ ይደበቃል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ወደማይገባው ቦታ እየገባ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ላሜራው ላይ ማስኬድ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ያሳያል፤ ማግኔቱ ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም። ቀሪውን መካኒኩ ከሥር ገብቶ ያየዋል። ቦሎ መለጠፉ አያዘናጋ፤ ቦሎ የሚናገረው በዓመታዊ ምርመራው ዕለት ስለነበረችው መኪና ነው።

ወረቀቱም የራሱ ድብቅ በሽታ አለው፤ ሰዎች ሞተሩን ሲያዩ የሚረሱት ይህን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰል አለበት። መኪናዋ በተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለባት መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስሟ አይዞርም። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን በውክልና መሸጥን ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪ ለማስቀረት ሻጩ «ውክልና ልስጥሽና ንጂ» ይላል፤ ቀላል ይመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ግን ወካይ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቋረጣል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ያን ጊዜ ገዢዋ ከፍላ የነዳቻት መኪና በሊብሬው ላይ አሁንም የሌላ ሰው ናት፤ ወራሾቹ የሚያውቁትም ሊብሬውን ነው። የስም ዝውውሩ ወጪ የግዢው አካል ነው፤ በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው መግባት አለበት። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ወላጆቹን ይዛ ብትሄድ ይበጃታል። አባትየው ሞተር አያውቁ ይሆናል፤ ጥያቄ መጠየቅ ግን ያውቃሉ፣ በዕድሜ ጠገብ ሰው ፊት ደግሞ መዋሸት ለብዙ ሻጭ ይከብዳል። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም ስቲግሊትዝ ያጠናው ዓይነት ናቸው፣ የማያውቀው ወገን የሚያውቀውን ራሱን እንዲገልጥ የሚያደርጉ። አንደኛው፦ «መኪናዋን ልጄ ወደምታምነው ጋራዥ እንውሰዳት?» ሁለተኛው፦ «ክፍያው ላይ ጥቂት እናስቀር፣ ስሙ ዞሮ ሊብሬው በስሟ ሲወጣ እንጨርስልህ?» መኪናው ደኅና፣ ወረቀቱም ንጹሕ የሆነ ሰው በሁለቱም የሚያጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይስማማል። የደበቀው ነገር ያለ ሰው ግን ምክንያት መደርደር ይጀምራል። ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው፣ ጋራዡ ሩቅ ነው፣ ብሩን ዛሬ ይፈልገዋል። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ገዢዋ ግን ይህን ለማጣራት አትገደድም፤ ሌላ መኪና ትፈልጋለች።